በፈትል መሰናዶ መኪና ላይ ባለጥርስ መንኮራኩርን ስለ መለወጥ

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ሸማኔው ብዙ ጊዜ ማጉን በእጅ ከተፈተለ፣ ድሩን ግን ከፋብሪካ ከመጣ ክር ይሠራል። ድሩ እኩል ያልሆነ እንደ ሆነ በቀጭኑ በኩል እየተበጠሰ የሸማኔውን ቀን ያባክናል፤ በወፍራሙ በኩል ደግሞ የጨርቁን መልክ ያበላሻል። ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ክሩ ከመፈተሉ በፊት፣ ጥጡ ገና በመሰናዶ መኪና ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ የመኪናው ልክ እንዴት እንደሚስተካከል ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ከለዩ፣ በደጋንም ነድፈው ባዘቶ ካደረጉ በኋላ በእንዝርት ይፈትሉታል። ክሩ ሲወፍር ሳብ ያደርጉታል፤ ሲቀጥን ከባዘቶው ይጨምሩለታል። ልኩን የሚያውቁት ጣቶቻቸው ናቸው። መኪና ግን ጣት የለውም። በጣት ፈንታ ያሉት ሮለሮች ናቸው፤ የሮለሮቹንም ፍጥነት የሚወስነው የመንኮራኩሮቹ የጥርስ ቁጥር ነው።

በፋብሪካ፣ ይኸውም ለአካባቢያችን በሚቀርበው በኮምቦልቻ ወይም ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በባሕር ዳር፣ ጥጡ ከተበጠረ በኋላ ያልከረረ ለስላሳ ገመድ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ገመድ ስድስት ያህሉ ጎን ለጎን ወደ መሳቢያው መኪና ይገባሉ፤ የአንዱ ወፍራም በሌላው ቀጭን ይካካሳል። የፊተኛው ሮለር ከኋለኛው 6 እጥፍ ፈጥኖ ቢስብ፣ ስድስቱ ገመዶች የአንዱን ውፍረት የያዘ አንድ ገመድ ይሆናሉ።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። የኋለኛውን ሮለር የሚነዳው ተለዋጭ መንኮራኩር 50 ጥርስ አለው፣ መሳቡም 6 እጥፍ ነው እንበል። የምንፈልገው ገመድ በሜትር 4 ግራም ሲሆን፣ ስንመዝነው ግን 4.2 ግራም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የነበረውን ጥርስ በተፈለገው ክብደት እናባዛለን፤ በተገኘውም ክብደት እናካፍላለን፤ 50 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ4.2፣ 47.6 ይሆናል። የጥርስ ክፋይ ስለሌለ 48 ጥርስ ያለውን እንመርጣለን። ጥርሱ ሲያንስ የኋለኛው ሮለር ይዘገያል፤ መሳቡም ወደ 6.25 ከፍ ይላል፤ ገመዱም 4.03 ግራም ያህል ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ በዚህ መንኮራኩር ላይ አንድ ጥርስ መለወጥ ክብደቱን በ2 ከመቶ ያህል ይለውጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ላነሰ ልዩነት መንኮራኩር መለዋወጥ ትርፍ ድካም ነው። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ መኪና ተለዋጩ የሚነዳ እንጂ የሚነዳው ሌላ ስለሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ከመለወጥ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል። ሦስተኛ፣ ጥጥ ከአየር እርጥበት ስለሚወስድ፣ በደረቅ ቀን የተመዘነን ከርጥብ ቀን ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ሥራው ሲሠራ መኪናው ቆሞ ኤሌክትሪኩ መዘጋት አለበት። ጥርሶቹ እጅግ ተጣብቀው ከገጠሙ ይጮኻሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ፤ እጅግ ከላሉ ደግሞ እየተንገጫገጩ በገመዱ ላይ በየርቀቱ ወፍራምና ቀጭን ያወጣሉ። ስለዚህ ብዙ መካኒኮች በጥርሶቹ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብተው ካጠበቁ በኋላ ያወጡታል፤ የቀረውም ክፍተት ይበቃል።

በአዲሶቹ መኪናዎች ይህን ልክ ኮምፒውተር ራሱ እየለካ ያስተካክላል። ቢሆንም ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ይህንኑ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን የማያውቅ ሠራተኛ መኪናው ሲሳሳት ስሕተቱን አያይም፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን መኪናውን አይቶት የማያውቀው የመርሳ ሸማኔ ነው።