ፔዳሉ ሲሰጥም

ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይ በረሃን ሲወርድ ድልድዩ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያጣል። 1,000 ሜትሩን ብቻ ብንይዝ እንኳ የሚለቀቀው ጉልበት 20 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ይህ ወደ 60 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በዲስኮቹና በታምቡሮቹ ላይ ነው። ከዚያ በፍሬን ሸራው በኩል አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ቁልቁለቱ ሲገባደድ ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ የሚሰጥም መኪና፣ ብዙውን ጊዜ ጣጣውን ይዞ የተነሣው ገና ከቤቱ ነው።

ፍሬን የሚሠራው ፈሳሽ ሲጫኑት ስለማይታመቅ ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀነስ በየአቅጣጫው ይዳረሳል። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ይህን ሕግ ለመኪና ፍሬን አዋለው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 መኪና አምራቹ ዱዘንበርግ በአራቱም ጎማ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ያለው መኪና ለገበያ አቀረበ። እግር ፔዳሉን ሲገፋ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱም በየጎማው ያሉትን ፒስተኖች። ሸራው ዲስኩን ለመንካት የሚቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ርቀት ስለሆነ የሚንቀሳቀሰው ዘይት በጣም ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው ትንሽ አየር ብዙ የሚያበላሸው። የማስተር ሲሊንደሩ ውስጠኛ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር መስመሩ ውስጥ ከገባ፣ ፒስተኑ እሱን አምቆ ለመጨረስ ብቻ ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ በከንቱ ይጓዛል። ፔዳሉ ደግሞ ጉዞውን አራት አምስት እጥፍ ስለሚያበዛው እግር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይሰምጣል። ከጣት ጫፍ የማይበልጥ አየር ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው።

አየር ባይገባ እንኳ እንፋሎት ከውስጥ ሊፈጠር ይችላል። የፍሬን ዘይት እንደ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ እንዳይፈላ ደረጃው ያስገድዳል። 3.7 በመቶ ውሃ ሲቀላቀልበት ግን የሚፈለግበት ዝቅተኛ ልክ ወደ 155 ይወርዳል፤ ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ዘይቱ ከፈላ በኋላ መስመሩ ውስጥ ያለው የሚታመቅ እንፋሎት ነው። ክፋቱ፣ መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ሾፌሩ «ተሻለው» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ዘይቱ ግን ያው ነው፤ በቀጣዩ ቁልቁለት እንደገና ይፈላል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጋለው ሸራው ነው።

እንግዲህ ጣጣው የት እንዳለ ለመለየት መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁምና ሞተሩ ይጥፋ። ፔዳሉን እስኪጠነክር አራት አምስት ጊዜ ይርገጡት፤ ከዚያ እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቆም ጤነኛ ነው፤ እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ደህና ማስተር ማስለወጥ ገንዘብ መጣል ነው። አሁን ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይበረቱ፣ እኩል ግፊት እየሰጡ ይጫኑት። ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደና የዘይት ማጠራቀሚያው ካልጎደለ፣ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ ከፒስተኑ ፊት ወደ ኋላው እያመለጠ ነው። በኃይል ሲረግጡት ግፊቱ ጎሚኒውን ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው ጉዳቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ለስለስ ያለው ግፊት የተመረጠው ለዚሁ ነው።

ማጠራቀሚያው ከጎደለ ግን ዘይቱ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። የየጎማውን ውስጠኛ ጎን፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን፣ ታምቡሮቹን ይመልከቱ። እዚያ ከሌለ ማስተሩ ከሰርቮው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያስፈትሹ፤ ዘይቱ ወደ ሰርቮው ሆድ ሲገባ መሬት ላይ ጠብታ አይታይም። ሸራ ሲያልቅም መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ዝም ብሎ መሙላት ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው።

በመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ከፍ የሚል ፔዳልስ? ከፍ ካለ በኋላ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር፣ ጠንክሮ ከቆመ ደግሞ ከታምቡሩ የራቀ የኋላ ሸራ መጠርጠር አለበት። አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህ በሁለተኛው ርግጫ ብቻ የሚነሣ ፔዳል ነው፤ ሾፌሮች ይለምዱታልና። ድንገት ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ለሁለተኛው ርግጫ ጊዜ የለም።

አየር ማስወጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ይጫናል፤ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጎ ዘይቱን በሚያሳይ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ያፈሳል፣ የጫኙ እግር ሳይነሣም መልሶ ያጠብቃል። ማጠራቀሚያው በመሀል ከደረቀ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። የትኛው ጎማ እንደሚቀድም የመኪናው መመሪያ ይናገራል፤ ኤቢኤስ ያላቸው አንዳንድ መኪናዎች የኮምፒዩተር መመርመሪያም ይሻሉ። በአሮጌ መኪና ላይ ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስቀመጥ ይገባል። ፒስተኑ በወትሮው ደርሶበት ወደማያውቀው የዛገ ክፍል ከተገፋ ደህናው ጎሚኒ ይቀደዳል፤ አየር ሊወጣለት የገባ መኪና በተበላሸ ማስተር ይወጣል።

የሚሞላው ዘይት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ ከታሸገ ቆርቆሮ የተከፈተ ይሁን። በየጋራዡ ጥግ ተከፍቶ የከረመው እርጥበቱን ጠጥቶ ጨርሷል። የሞተር ዘይት ጠብ ካለበት ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ። በብዙ መኪና ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይመከራል፤ ዋጋው ከሸራ ዋጋ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም።

ከጥገናው በኋላ ያው የአንድ ደቂቃ ሙከራ ይደገም። ፔዳሉ ካልወረደ መኪናው ጠፍጣፋ መንገድ ላይ በዝግታ ይሞከር፤ በማግስቱ ጠዋት የዘይቱ መጠን እንደገና ይታይ። ጎድሎ ከተገኘ ፍሳሹ አልተገኘም ማለት ነውና መኪናው ወደ ጋራዥ ይመለስ።