የሆቴል እሳት፦ ከቀዩ ሲሊንደር በፊት ምን ይገዛ?

ጥር 13/2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ በሰሜን ምዕራብ ቱርክ፣ በቦሉ ግዛት በሚገኘው የካርታልካያ የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛ፣ ግራንድ ካርታል የተባለው ባለ 12 ፎቅ ሆቴል በእሳት ተያያዘ። ወቅቱ የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ስለነበር በርካታ ክፍሎች ልጆቻቸውን ይዘው በመጡ ቤተሰቦች ተይዘው ነበር። በአራተኛው ፎቅ ከምግብ ቤቱ አካባቢ የተነሳው እሳት የ78 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ከአደጋው የተረፉ እንግዶች የማንቂያ ደወል እንዳልሰሙ ተናግረዋል።

አደጋው በአፍሪካ ቀንድ እና በምሥራቅ አፍሪካ ላሉ የሆቴል ባለቤቶችም የሚያሳስብ ጥያቄ ያስነሳል። በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ፣ በካምፓላ እና በኪጋሊ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴሎች በርክተዋል። ለእሳት መከላከያ የተያዘው ገንዘብ ውስን ሲሆን ከሁሉ አስቀድሞ መገዛት ያለበት የትኛው ነው?

ብዙውን ጊዜ መልሱ በኮሪደር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ ለተቆጣጣሪም በቀላሉ ይታያል። ይሁን እንጂ ሲሊንደሩ የሚሠራው እሳቱን ያየ እና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው። በሌሊት ግን የሆቴል እንግዳ ተኝቷል፤ ሕንፃውን አያውቀውም፤ መውጫው በየት በኩል እንደሆነም ልብ አላለ ይሆናል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መሣሪያ ጥቅም የሚለካው ለዚህ ሰው ስንት ደቂቃ ያተርፍለታል በሚለው ነው።

ገዳዩ ጭስ ነው

እአአ በታኅሣሥ 1946 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ 119 ሰዎች የሞቱበት የዋይንኮፍ ሆቴል፣ ፈጽሞ እሳት የማይበግረው ተብሎ ይተዋወቅ ነበር። በእርግጥም የሕንፃው አጽም አልፈረሰም። ነገር ግን 15 ፎቅ ያለው ሆቴል የነበረው ደረጃ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በር ያልተዘጋበት በመሆኑ ጭስ እና ሙቀት ወደ ላይ የሚወጡበት ጉድጓድ ሆነ።

እአአ በኅዳር 1980 በላስ ቬጋስ በኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል የደረሰው አደጋ ደግሞ 85 ሰዎችን ገድሏል። እሳቱ የተነሳው ምድር ቤት ካለ ምግብ ቤት ነበር፤ አብዛኞቹ ሟቾች ግን የተገኙት ነበልባሉ ፈጽሞ ባልደረሰባቸው የላይኛው ፎቆች ላይ ነው። ጭሱ በደረጃዎች፣ በአሳንሰር መውጫዎች እና በአየር ማስተላለፊያ ቱቦዎች አድርጎ ደረሰባቸው። በጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ በመሆኑ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል።

አንደኛ፦ የሚቀሰቅስ

ከዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ወጪ ለጭስ ጠቋሚ እና ለማንቂያ ደወል መዋል ይኖርበታል። ጠቋሚው በኮሪደር ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ የመኝታ ክፍል፣ በመጋዘን እና በልብስ ማጠቢያ ክፍልም ያስፈልጋል። እንፋሎትና የምግብ ጭስ በማይለየው ወጥ ቤት ግን ጭስ ጠቋሚ በየጊዜው በሐሰት ስለሚጮኽ፣ በምትኩ ሙቀት ጠቋሚ ይመረጣል። በሐሰት ማንቂያ የተሰላቹ ሠራተኞች ደወሉን ማጥፋት ይለምዳሉ፤ እውነተኛው እሳት ሲመጣም የሚያነቃ አይኖርም።

ብዙ ክፍሎች ላሉት ሆቴል የሚመከረው፣ የትኛው ጠቋሚ ጭስ እንዳየ በክፍል ቁጥር ለይቶ የሚናገር የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። ርካሹ ዓይነት አንድን ፎቅ በሙሉ በአንድ መብራት ብቻ ስለሚያመለክት የሌሊት ተረኛው በር በር እያንኳኳ ለመፈለግ ይገደዳል። የደወሉ ድምፅ በተኛው ሰው ትራስ አካባቢ ቢያንስ 75 ዴሲቤል መድረስ እንዳለበት የተለመዱ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ይጠይቃሉ። መስማት ለተሳናቸው እንግዶች ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይታከላል። መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ደግሞ ሰሌዳው ቢያንስ ለ24 ሰዓት የሚያቆየው የራሱ ባትሪ ሊኖረው ይገባል።

ጣሪያና ግድግዳቸውን መብሳት ለሚያስቸግር ጥንታዊ ሕንፃዎች ያለ ሽቦ የሚሠሩ ጠቋሚዎች አሉ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል በሆነው በአዲስ አበባው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. የተነሳው እሳት፣ የጃዝ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረውን አዳራሽ ጨምሮ ከፊሉን ማውደሙ፣ ቅርስ የሆኑ ሕንፃዎች ለአደጋው ምን ያህል የተጋለጡ እንደሆኑ አሳይቷል።

ሁለተኛ፦ ጭሱን የሚያግድ፣ መንገዱን የሚከፍት

የነቃ እንግዳ መውጫ ያስፈልገዋል። ለ30 ወይም ለ60 ደቂቃ እሳት እንዲቋቋም የተሠራ፣ በራሱ የሚዘጋ በር በደረጃው መግቢያ ላይ ከተገጠመ፣ ደረጃው የጭስ መውጫ መሆኑ ቀርቶ የሰው መውጫ ይሆናል። ይህ በር ግን ለአየር ወይም ለዕቃ ማመላለሻ ተብሎ ድንጋይ ወይም ወንበር ከተደገፈበት ተራ በር ነው።

በአካባቢው አገሮች ሌላው ፈተና የጸጥታ ስጋት ነው። ሌባና ጥቃት ለመከላከል ሲባል የአደጋ ጊዜ መውጫዎች በቁልፍ ይዘጋሉ፤ መስኮቶችም በብረት ፍርግርግ ይታጠራሉ። መፍትሔው ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በመግፋት ብቻ የሚከፈት መዝጊያ መግጠም ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚበሩ የመውጫ ምልክቶችም ከዚሁ ወጪ ጋር ይደመራሉ።

ሦስተኛ፦ ሰው ሳይነካው የሚያጠፋ

ከጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጨው ስፕሪንክለር ከሁሉም ውዱ ነው፤ ሰው ሳያስፈልገው እሳቱን በጅምሩ ስለሚቆጣጠር ግን የሚተካከለው የለም። እአአ በ1990 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ለሥራ ሲጓዙ እንዲያርፉ የሚያበረታታው፣ በየክፍሉ ጭስ ጠቋሚ ባላቸው፣ ከሦስት ፎቅ በላይ ከሆኑም ስፕሪንክለር በተገጠመላቸው ሆቴሎች ነው።

በፊልም እንደሚታየው አንድ ጭስ ሲታይ ሁሉም አይረጩም። በእያንዳንዱ መርጫ አፍ ላይ ያለችው ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ፣ በተለመደው ባለ ቀይ ፈሳሽ ዓይነት፣ በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትሰበር ውሃ የሚለቀው እሳቱ በላዩ ያለው ብቻ ነው።

የሚያስቸግረው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ለእሳት ብቻ የተለየ ታንከር ከሌለ ስፕሪንክለር ጌጥ ነው። ፓምፑም የከተማው መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ የናፍጣ ሞተር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የደጋ ከተሞች ሊዘነጉት የማይገባ ጉዳይ አለ፦ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆኑት በአዲስ አበባና በአስመራ፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሻጩ የሚያቀርበው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተሰላ ከሆነ ውሃው ላይኛው ፎቅ ላይደርስ ይችላል። በሞምባሳ፣ በዛንዚባርና በጅቡቲ ደግሞ ጠላቱ ጨዋማው አየር ነው፤ ብረቱን ስለሚበላ ዝገት የሚቋቋሙ ቧንቧዎችና መያዣዎች መጠየቅ አለባቸው።

አራተኛ፦ የእጅ ማጥፊያው

ሲሊንደሩ በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ቦታ አለው፤ ዓይነቱ ግን ከሚቃጠለው ነገር ጋር መስማማት አለበት። ለአንሶላ፣ ለእንጨትና ለወረቀት ውሃ ወይም አረፋ ይበቃል። ለመብራት ሰሌዳና ለኮምፒውተር ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመረጣል። ዱቄት ለብዙ ዓይነት እሳት ቢያገለግልም በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ዓይን ይጋርዳል።

በወጥ ቤት ለተያያዘ ዘይት የሚስማማው፣ ለማብሰያ ዘይት ተብሎ የተዘጋጀው ፈሳሽ ኬሚካል ነው። በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ መጨመር ነበልባሉን በወጥ ቤቱ ሁሉ ይበትነዋል። ከምድጃው በላይ ካለው የጭስ ማውጫ ጋር የሚገጠም፣ ጋዙን እየዘጋ ኬሚካሉን በራሱ የሚረጭ ሥርዓት ቢኖር ደግሞ ይበልጣል።

በአካባቢው ገበያ የአውሮፓም የአሜሪካም ሥሪት ዕቃ ስለሚገባ በሲሊንደሩ ላይ ያሉት ፊደላት ያሳስታሉ። "ሲ" የሚለው በአውሮፓ የጋዝ እሳትን ሲያመለክት በአሜሪካ የኤሌክትሪክ እሳትን ያመለክታል፤ የማብሰያ ዘይት እሳት በአውሮፓ "ኤፍ"፣ በአሜሪካ ደግሞ "ኬ" ነው። ፊደሉን ብቻ አይቶ የገዛ የጥበቃ ወይም የግዢ ሠራተኛ የማይሆነውን ዕቃ በተሳሳተ ቦታ ሊሰቅል ይችላል።

ከመክፈል በፊት

የጥራት ምልክት የታተመበት ዕቃ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ከሰጪው ድርጅት መዝገብ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። መለዋወጫው በአገር ውስጥ መገኘቱ እና የሚጠግነው ባለሙያ መኖሩ ከዋጋው እኩል ይመዝናል። የእጅ ማጥፊያዎች በየወሩ በዓይን፣ በየዓመቱ በባለሙያ ይፈተሻሉ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የግፊት መለኪያ ስለሌለው መጉደሉ የሚታወቀው በሚዛን ነው።

የተገጠመው ሥርዓት ሥራውን መሥራቱ የሚረጋገጠውም በቀን፣ መብራት ባለበትና ሻጩ በተገኘበት አይደለም። የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ እንግዶች በሌሉበት ሌሊት የከተማው መብራት ተቋርጦ፣ ከአንዱ ሩቅ ክፍል ጠቋሚ ሥር የሙከራ ጭስ ይለቀቃል። ደወሉ በሁሉም ክፍሎች ለመሰማት፣ የሌሊት ተረኛው ክፍሉን ለመለየት፣ የመውጫው በር ለመከፈት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ይያዛል። ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛው እነዚያን ደቂቃዎች ነው።