ከፊሽካ በኋላ ያለው 72 ሰዓት

በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወት የእግር ኳስ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ቁጥር አያስደነግጥም፤ ሱሉልታ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡት ልጆች ከቁርስ በፊት ከዚህ የበለጠ ይሮጣሉ። ሯጭ ግን የያዘውን ምት ሳይለቅ ይሄዳል። ኳስ ተጫዋች በየአምስት ስድስት ሴኮንዱ ሥራ ይቀይራል፤ ይቆማል፣ ይፈተለካል፣ ድንገት ይገታል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይዘላል፣ ይጋጫል። በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ያለው ለውጥ ሺህ ገደማ ይደርሳል፤ ልቡም በአማካይ ከአቅሙ ጣሪያ 85 በመቶ ገደማ ላይ ሆኖ ይመታል። ለቀናት የሚቆየው ድካም ከርቀቱ ይልቅ የሚመጣው ከዚህ መቆራረጥ ነው።

መጀመሪያ የሚጎድለው ነዳጁ ነው። ጡንቻ ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከፓስታ የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያጠራቅማል፤ ለፍጥነት ሩጫ በዋናነት የሚነደው እሱ ነው። ስዊድናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቤንግት ሳልቲን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ጨዋታውን በጎደለ ክምችት የጀመሩ ተጫዋቾች ከሌሎቹ ያነሰ ርቀት እንደሸፈኑ፣ ከዚያም ውስጥ ግማሽ ያህሉን በእርምጃ እንደጨረሱት አሳየ። ዴንማርካዊው ፒተር ክሩስትሩፕና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተጫዋቾች ከሜዳ እንደወጡ ከጭናቸው ናሙና ወሰዱ። ከጡንቻ ክሮቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ወይም ባዶ ሊሆኑ የተቃረቡ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ሩጫው የሚቀዘቅዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ክምችቱን መልሶ ለመሙላት፣ በደንብ ለሚበላም ሰው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚታወቀው በማግስቱ ደረጃ ሲወረድ ነው። እንጦጦን የወጣ ሰው ትንፋሹ የሚቆራረጠው ሽቅብ ሲሄድ ነው፤ በማግስቱ ጭኑን የሚያመው ግን ቁልቁል በመውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ ጡንቻው እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይገታል፤ ይህ ሥራ ክሮቹን በጥቃቅኑ ይበጣጥሳቸዋል። ተጫዋች ከፍጥነት ሩጫ ድንገት በገታ ቁጥር ጡንቻው ያንኑ ሥራ ይሠራል። የተጎዳው ጡንቻ ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ መጠኑ ከፍ የሚለውም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አቅም ያላቸው ክለቦች ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም ይለኩታል። አቅም የሌለው ክለብም ብዙ አልተጎዳም፦ ጠዋት ጠዋት ተጫዋቹን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሕመሙና ስለ ስሜቱ መጠየቅ፣ ቀጥ ብሎ ምን ያህል እንደሚዘልም መለካት በቂ ፍንጭ ይሰጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። እሑድ የተጫወተ ልጅ ሰኞ ተሳስሮ ይነሳል፤ ማክሰኞ ይሻለዋል ብለን ስንጠብቅ ሕመሙ ይብስበታል። የዝላይና የፍጥነት አቅሙ ወደ ቀድሞው ለመመለስ 72 ሰዓት ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ይበልጣል።

አእምሮም ይዝላል። ተጫዋቹ ለ90 ደቂቃ አንገቱን እያዞረ ቦታ ይመርጣል፣ ይገምታል፣ ይወስናል። አእምሮው የደከመ ተጫዋች የሚያቀብለው ኳስ እንደሚበላሽና ውሳኔው እንደሚዘገይ በሙከራ ታይቷል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በዚህ ነገር ላይ ብዙ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል። በረዶ የተጨመረበት ገንዳ አለ፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል መነከር ሕመሙን ያቀለዋል። ነገር ግን ከክብደት ልምምድ በኋላ ዘወትር የሚደረግ ከሆነ የጡንቻን መዳበር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጨዋታ ሲደራረብ እንጂ ለየዕለቱ አይመከርም። ከጨዋታ በኋላ ሰውነትን ማሳሳብ ልማዱ ሰፊ ነው፤ በማግስቱ ሕመም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የወጌሻ እጅ የሕመም ስሜቱን ይቀንሳል፤ የተበጠሰውን ክር ግን ቶሎ አይጠግንም።

ከሁሉ የሚልቁት ርካሾቹ ናቸው፦ እንቅልፍና ምግብ። እንቅልፍ ቀላል ይመስላል፤ የማታ ጨዋታ የጨረሰ ተጫዋች ግን የሜዳው መብራት፣ ሙቀቱና ቡናው አብረውት ቤት ስለሚገቡ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዓይኑ ላይከደን ይችላል። ምግብን በተመለከተ ከጨዋታ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ጡንቻ ስኳሩን በፍጥነት የሚቀበለው ያኔ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ተጫዋቾች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ጾም የሚይዝ ተጫዋች ሥጋና ወተት ባያገኝም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ፕሮቲን አላቸው፤ እንጀራውም የግላይኮጅን ምንጭ ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ረመዳንን የሚጾመው ደግሞ ከመግሪብ እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውኃውንም ምግቡንም ማሟላት አለበት። የልምምድ ሰዓት ሲወጣ ይህ ቢታሰብበት ወጪ የለውም።

እንቅልፉም ምግቡም ግን ጊዜን አይተኩም። ፈረንሳያዊው ግሬጎሪ ዱፖንና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በቻምፒየንስ ሊግ የሚሳተፍ አንድ ቡድን ተከታትለዋል። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ሲደረግ በ1,000 ሰዓት 25.6 ጉዳት ተመዘገበ፤ አንድ ጨዋታ ሲሆን 4.1 ብቻ። የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው፦ ተጫዋቾቹ የሮጡት ርቀት በሁለቱም ሁኔታ ያው ነበር። ከዳር ቆሞ የሚያይ አሰልጣኝ፣ ልጁ እየሮጠ ስለሆነ አገግሟል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የእረፍት ቀን ነገር ከተነሳ፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ በመንግሥቱ ወርቁና በሉቻኖ ቫሳሎ እናስታውሰዋለን እንጂ የጨዋታዎቹን ቀን የሚቆጥር ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ያለፈችው ጥር 6 ነበር። ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 የረታችው ጥር 10፤ ፍጻሜው ጥር 13። አንዱ ቡድን ሰባት ቀን አረፈ፣ ሌላው ሦስት፤ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ተደረሰባት፤ በጭማሪው ሰዓት ሁለት ግብ ገብቶባት 4 ለ 2 ተሸነፈች። የእነዚያን ጀግኖች ድል በቀን ቆጠራ ማሳነስ ነውር ነው። ቀኑ ግን ለማን እንዳገዘ አያከራክርም።

የኳስ ሕግ አውጪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀያሪዎች ቁጥር ከሦስት ወደ አምስት እንዲያድግ የፈቀዱት፣ በኮሮና ምክንያት የተቋረጡ ውድድሮች ሲቀጥሉ ጨዋታዎች በመደራረባቸው ነበር፤ በ2022 ቋሚ ሆነ። ጥሩ ሕግ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ተጠባባቂ ወንበሩ የበለጸገውን ክለብ ነው። ለሌሎቹ መፍትሔው መርሐ ግብሩ ላይ ነው ያለው። እርስዎም ስታዲየም ገብተው የሚወዱት አማካይ 80ኛው ደቂቃ ላይ ኳስ ተከትሎ መመለስ ሲያቅተው «ሰነፈ» ከማለትዎ በፊት ያለፈው ጨዋታ መቼ እንደነበር ይቁጠሩ። 72 ሰዓት ካልሞላ፣ ቁጣዎን መርሐ ግብሩን ላወጣው ሰው ያቆዩለት።