የቤት ለቤት ስብከትና የነዋሪው መብት በሕግ ዓይን

ቤት ለቤት እየዞሩ እምነታቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች ወደ አንድ ቀበሌ ሲመጡ ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ለቀበሌው አስተዳዳሪ ወይም ለፖሊስ ነው። «ከከተማችን ይውጡልን» የሚለው ጥያቄ ፋታ አይሰጥም። ይሁን እንጂ በችኮላ የሚሰጥ ትእዛዝ የእንግዳውን ብቻ ሳይሆን ሊያዳምጠው የፈለገውን ነዋሪ መብት ጭምር ሊጥስ ይችላል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቁይና በአካባቢዋ፣ ሃይማኖታዊ እንግዳ ደጃፍ ላይ መቆሙ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የንስሐ አባት ጸበል ሊረጭ ይገባል። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ የሚያሰባስቡም ይመጣሉ። በእነዚህ ላይ ለቀበሌ አቤት የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ቅሬታ የሚነሣው እንግዳው የሌላ እምነት ተከታይ ሲሆን፣ ለምሳሌ የይሖዋ ምሥክሮች መጽሔት ይዘው በር ሲያንኳኩ ነው። ሕጉ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው እምነቱን የመግለጽና የማስተማር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ወይም በሌላ መንገድ ሊገደድ እንደማይችል ያረጋግጣል፤ ልጆችን በእምነት የማሳደግ መብትንም ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ይሰጣል። በመሆኑም ወላጅ በሌለበት ቤት ሕፃናትን ማስተማር የጀመረ እንግዳ «እምነቴን መግለጼ ነው» በሚል መከራከሪያ ብቻ ነፃ ሊሆን አይችልም።

የነዋሪው ዋነኛ መከላከያ የገዛ በሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን ያስቀምጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 604 ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ወደ ቤት የገባን ሰው፣ እንዲሁም ውጣ ተብሎ እምቢ ያለን ሰው ያስቀጣል። ስለዚህ በር ማንኳኳት ወንጀል አይደለም፤ «አልፈልግም» ከተባለ በኋላ አልሄድም ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎረቤት በጎረቤቱ በር ላይ ይህን ቃል ሊናገርለት አይችልም። በአገራችን ደጅ የቆመን ሰው መመለስ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ብዙ ሰው ለይሉኝታ ሲል ያስገባል፤ ከዚያም ለቀበሌ ያመለክታል። አስገብቶ ማነጋገር ግን ወንጀል ተፈጸመ አያሰኝም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ አብዛኛው ሕዝቧ ኦርቶዶክስ በሆነችው በግሪክ አጋጥሟል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሚኖስ ኮኪናኪስ የተባሉ የይሖዋ ምሥክር በቀርጤስ ደሴት ሲትያ ከተማ ወደ አንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ቤት ሄደው ከባለቤቱ ጋር ስለ እምነት ተነጋገሩ። ዘማሪው ለፖሊስ አመለከተ፤ ሰውየውም ሃይማኖት ማስለወጥን በሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ ተፈረደባቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 በስድስት ድምፅ ለሦስት የእምነት ነፃነታቸው መጣሱን ወሰነ። ፍርድ ቤቱ እምነትን መመስከርና በጫና ወይም በጥቅም መደለያ ማስለወጥ የተለያዩ መሆናቸውን አመልክቷል። ውሳኔው ኢትዮጵያን አያስገድድም፤ ነገር ግን ልዩነቱ በእኛም አንቀጽ 27 ውስጥ ይገኛል።

ቅሬታ የቀረበለት ኃላፊ በቅድሚያ ማጣራት ያለበት የእንግዳውን ሃይማኖት ሳይሆን ድርጊቱን ነው። ያለ ፈቃድ ገብቷል? ውጣ ተብሎ ቆይቷል? ዛቻ ወይም መደለያ ነበር? ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሰውየውን ማሰር ወይም ጽሑፉን መንጠቅ አይቻልም፤ አንቀጽ 26 ሰው በእጁ የያዘውን ንብረት ከሕግ ውጭ ከመያዝ ይጠብቃልና። በሌላ በኩል ስብስብ ተነሥቶ እንግዶቹን ለመደብደብ ቢሞክር የፖሊስ ተግባር እነርሱን መጠበቅ ነው።

በአንቀጽ 11 መሠረት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። የቀበሌ ሠራተኛ እንደ ግለሰብ የፈለገውን ያምናል፤ በማኅተሙ ግን የትኛውንም ወገን ሊያግዝ አይችልም። እንግዶቹን ያስገባ ነዋሪ መታወቂያ ለማደስ ሲመጣ «አንተ እነዚያን የምትቀበለው ነህ» ተብሎ ቢጉላላ፣ ቅሬታው በዚህ ጊዜ የሚቀርበው በራሱ በሠራተኛው ላይ ነው።