የቡና ሌባና አንቀጽ 78

ኅዳር ላይ በዲላና በይርጋጨፌ ዙሪያ እሸት ቡና ይለቀማል፤ ጀንፈል በየደጁ ይሰጣል። በጌዴኦ ቡናው፣ እንሰቱና ቤቱ አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ለቡና የመጣ ሌባ ደጃፍ ድረስ መጣ ማለት ነው። ባለቤቱ በሌሊት ኮሽታ ሰምቶ ገጀራ ይዞ ቢወጣ፣ ሕጉ እስከምን ድረስ አብሮት ይቆማል?

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሰው የራሱንም ሆነ የሌላውን ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ከሕገወጥ ጥቃት ሲከላከል ለፈጸመው ድርጊት አይቀጣም ይላል። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት። ምላሹም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር ይመዘናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በር ሰብሮ ስለት ይዞ የገባን መምታትና ኬሻ ተሸክሞ የሚሸሸውን ከኋላ መምታት ለየቅል ናቸው። ለሸሸው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 መላ አለው፦ ባለንብረቱ ወዲያው አሳድዶ ያስጥለው፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይል ግን አይጠቀም። ኬሻውን ማስጣል ይቻላል፣ እግሩን መቁረጥ አይቻልም። ተይዞ መሬት የወደቀን ሌባ ተሰብስቦ መደብደብማ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ገድሎም በነጻ መሰናበት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሰላ አካባቢ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ፣ ስታመልጥ ተከትሎ የደረሰባትን ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻም ይኸው ታሪክ ነው። እሷ ላይ አደጋው እየገሰገሰ ነበር፤ የቡና ሌባው ግን ጀርባውን ሰጥቷል።

ደንግጦ መጠን ያለፈስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 79 ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል፤ ጥቃቱ ያመጣበት ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ያሳለፈው፣ ጭራሽ ላይቀጣም ይችላል። ሰው ቢሞት እንኳ፣ ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስከትል፣ የመከላከልን ወሰን በማለፍ የተፈጸመው በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያበቃል።

የድንበር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። መሬት በጠበበበት ጌዴኦ ጎረቤት ድንበር ገፋ ብሎ ገጀራ ማንሳት ዕዳ ያመጣል። ሶንጎ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ካልሆነም ሁከት ይወገድልኝ የሚለውን ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል።

ኮሽታ የሰማ ሰው አስቀድሞ ጎረቤት ይጥራ። የያዘውን ሌባ ሳይነካ ለቀበሌ ሚሊሻ ወይም ለፖሊስ ያስረክብ፤ ሌባው የጣለውን ስለትና ኬሻም ከወደቁበት አያንሳ፣ ችሎት ፊት ማስረጃው እነሱ ናቸውና።