በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ላለች እህት፦ ስለ አመጋገብ

እህታችን፣ የኬሞ መድኃኒት የካንሰሩን ሴል ሲመታ ጤነኛውንም ይነካል። አፍ ይቆስላል፣ ያቅለሸልሻል፣ የምግብ ሽታ ያስጠላል። ሰውነትሽ የተጎዳውን የሚጠግነው ግን በምትበዪው ነው፤ ስለዚህ ይህ የጾም ጊዜ አይደለም። ካቶሊክም ሆነ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስገድድም፤ ልብሽ ካልተቀበለው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። «ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል» ሲባል ሰምተሽም ራስሽን በረሃብ አትቅጪ።

ገንቢ ምግብ የግድ ውድ አይደለም። በሺያህ ሱቆች የሚሸጠው ምስር፣ ሽምብራ፣ ፉል፣ እንቁላልና ለብኔ ይበቃሻል። ሙጀደራ እኮ ምስር በሩዝ ነው! በርበሬ የቆሰለ አፍ ስለሚያቃጥል አልጫ ሽሮ ይሻላል። የትኩስ ምግብ ሽታ ካስጠላሽ አቀዝቅዘሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቀኑን ሙሉ ብዪ። ውኃም አትርሺ።

ኬሞ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎም ሆነ ኪቤ ናዬ፣ ይቅርብሽ። የታቡሌው ቅጠል በደንብ ይታጠብ። ከግብዣ ተርፎ ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ምግብም አትብዪ። ይህን ለማዳም መናገር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ሐኪሙን በዓረብኛ እንዲጽፍልሽ ጠይቂና ወረቀቱን አሳያት። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ እንደ መድኃኒት ከመውሰድሽ በፊት ግን ለሐኪሙ ንገሪው።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብዙዎች ይወፍራሉ። ያኔ አትክልት አብዢ፣ ጣፋጭ ቀንሺ፣ አልኮል ተዪ፤ በዕረፍት ቀንሽም በእግርሽ ሂጂ።