ዑሸሩን አትንቀሉት

ጂዳና መካ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ሌላውን ሁሉ ሲያደርቅ፣ በየባዶ ቦታውና በዋዲ ፋጢማ አሸዋ ላይ ሳይጠወልግ የሚቆም ሰፋፊ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ አለ። ዐረቦቹ ዑሸር ይሉታል። በአገራችን ቆላ፣ በአዋሽና በአፋር በኩል ያደገ ሰው ደግሞ ጦቢያው ወይም ቅንቦ ብሎ ያውቀዋል። ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ፍየል እንኳ እምብዛም አይደፍረውም። ብዙ ሰው እንደ አረም ይነቅለዋል። እኔ ግን ግቢ ያላችሁ እንድትተክሉት እለምናችኋለሁ።

ምክንያቴ አንዲት ቢራቢሮ ናት። ክንፏ ብርቱካናማ ነው፤ ጥቁሩ ጫፉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። በሳይንስ ስሟ ዳናውስ ክሪሲፐስ ትባላለች፤ አሜሪካኖች ተክል እየተከሉ ሊያድኗት የሚደክሙላት የሞናርክ ቢራቢሮ ዘመድ ናት። እሷ ራሷ ከብዙ ዓይነት አበባ ትቀስማለች፤ ልጆቿ ግን መራጮች ናቸው። ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያላቸው አባጨጓሬዎቿ ዋና ምግባቸው የዑሸርና የዘመዶቹ ቅጠል ነው። ወተቱ ውስጥ የልብ ምትን የሚያውክ መርዝ አለ። አባጨጓሬዋ ከመርዙ በሰውነቷ ታከማቻለች፣ ክንፍ ስታወጣም አብሯት ይቀራል፤ አንዴ የቀመሳት ወፍ ዳግመኛ አይጠጋትም። እንዲያውም መርዝ የሌላት የሌላ ዝርያ እንስት የእሷን መልክ ይዛ ከወፍ ታመልጣለች። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

አበባውንም እንጨት የሚበሱት ትልልቅ ጥቁር ንቦች ይወዱታል። የዑሸር የአበባ ዱቄት አይበንም፤ ተጠቅልሎ በንቧ እግር ላይ ተጣብቆ ወደ ሌላው አበባ ይሄዳል።

ትልቁን ዑሸር ቆፍራችሁ ለማዛወር አትሞክሩ፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ አይተርፍም። ፍሬው ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ሐር መሳዩ ጭራ ዘሩን ይዞት ሳይበር ልቀሙ። ጥልቅ በርሜል፣ አሸዋማ አፈር፣ ሙሉ ፀሐይ ይበቃዋል። ከበቀለ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። በመካ ሐረም ክልል ውስጥ ግን በራሱ የበቀለን መቁረጥ ክልክል ነው፤ የተፈቀደው ኢዝኺር የሚባለው ሣር ነው። እዚያ ያለውን እንዳለ ተዉት።

ልጆች ያሉበት ቤት ይጠንቀቅ። ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ።

ቅጠሉ ተበልቶ ባዶ ግንድ ብታገኙ መድኃኒት እንዳትረጩ። የተከላችሁት ለዚያው ነው፣ መልሶም ያቆጠቁጣል። ቢጫ ክሽክሽ ቢወርረው በውኃ ግፊት አጥቡት፤ አስቀድማችሁ ግን በቅጠሉ ሥር የቢራቢሮዋ እንቁላል አለመኖሩን እዩ።